ሣርና ትንኝ በአንድ ወቅት፦ የፈረስ አመጋገብና ጤና በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

በኢትዮጵያ ስለ ፈረስ ቀለብ የሚታወቀውና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የደጋ ዕውቀት ነው። ገብስና አጃ፣ የጤፍ ጭድ፣ ከመስክ የታጨደ ድርቆሽ፣ በግቢ ታስሮ የሚቀለብ ሰንጋ ፈረስ፤ እነዚህ ሁሉ ከደጋማው አገር የተገኙ ልምዶች ናቸው። ሀገሪቱ ካሏት 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አብዛኞቹ የሚኖሩትም በዚያው ነው። የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥር የሚያሳዩት ትርኢት የሚካሄደው እንጅባራ ላይ እንጂ ገንዳ ውኃ ላይ አይደለም። ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ ሲወረድ ፈረስ እየሳሳ፣ አህያ እየበዛ ይሄዳል፤ መተማ ዮሐንስ ሲደረስ ውኃውን፣ ማሽላውንና እንጨቱን የሚያመላልሰው በአመዛኙ አህያ ነው።

ለዚህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሙቀቱ ነው። መልሱ ከፊል እውነት ቢኖረውም ዋናውን ጉዳይ ይሸፍናል። ፈረስ ከመተማ ባልተናነሰ በሚሞቁ አገሮች፣ በሱዳንና በዐረብ ምድር፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። የመተማ ቆላ ችግር የወቅቶቹ አገጣጠም ነው። ለፈረስ የሚስማማው ለምለም ሣር የሚገኝበት ወቅትና ፈረስን የሚገድሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ደም መጣጭ ነፍሳት የሚበዙበት ወቅት አንድ ነው። ነፍሳቱ ሲቀንሱ ደግሞ ሣሩ ወደ እንጨትነት ይለወጣል፤ ያለዚያም በሰደድ እሳት ይቃጠላል። በመሆኑም በዚህ አካባቢ የመኖ ዕቅድንና የጤና ዕቅድን ለየብቻ መያዝ አያስኬድም። አንዱ ከሌላው ጋር የተሳሰረበት ቋጠሮ የት እንደሆነ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ብሩስ ያስተዋለው

የመተማ ወረዳ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዝናቡ አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ሰፊው ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ያቁራል፣ ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ቀሪው ዓመት ደረቅ ሲሆን በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ ጠረፍ፣ ራስ ኤል ፊል በሚባለው አገር በኩል፣ ወደ ስናር ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በጥቁር አፈሩ አገር ዝናብ ሲጀምር ስለሚነሣ ዝንብና ከብት አርቢዎች ከዚያ ዝንብ ሸሽተው መንጋቸውን ወደ አሸዋማው ምድር ስለ መንዳታቸው በሰፊው ጽፏል። በስናር ዙሪያ ባለው ጥቁር መሬት ፈረስም ሆነ በቅሎ ወይም አህያ አንድ ክረምት ከርሞ እንደማይተርፍ፣ ጥቂት ርቆ ባለው አሸዋ ላይ ግን ደኅና እንደሚሆን መዝግቧል። ብሩስ ምክንያቱን ከአፈሩ ጋር አያይዞታል። ምክንያቱ ባይሟላም ምልከታው ትክክለኛ ነበር፤ ትንኝ የሚራባው በረጠበና ፍግ በበዛበት ጭቃ ውስጥ ነውና። ሰር ጆን ማክፋድየን የአፍሪካ ፈረስ በሽታ መንሥኤ በማጣሪያ ውስጥ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። ኩሊኮይድስ ከሚባሉት ደቂቅ ትንኞች ቫይረሱን ማግኘት የተቻለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 በደቡብ አፍሪካ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር የተዋጉበት የመተማ ጦርነት የተካሄደው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የዘመቻው ወር በራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ መጋቢት ለደጋ ፈረስ ከትንኝ የሚያርፍበት፣ ነገር ግን ከሣርም ከውኃም የሚለይበት ወር ነው።

ትንሽ ጨጓራ፣ ረጅም የመብያ ሰዓት

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዋናው የእንስሳት ሀብት የቀንድ ከብት ነው፤ የጋማ ከብትም የሚቀለበው ብዙውን ጊዜ በቀንድ ከብት ልክ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በሬ በባለ አራት ክፍል ጨጓራው ብዙ ገለባ በአንድ ጊዜ ሞልቶ፣ ኋላ ተኝቶ ያመሰኳል። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ከጠቅላላው የምግብ ቧንቧው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ቃጫውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚገኙት ከትንሹ አንጀት በኋላ፣ በዕውር አንጀትና በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። የፈረስ ጨጓራ ባዶ ሆኖም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም፤ አሲዱን የሚያለዝበው ምራቅ ግን የሚፈልቀው ሲታኘክ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል በአንድ ጊዜ የበዛበት ምግብ መመለሻ የለውም። ለዚህም ነው በተፈጥሮው በሜዳ የተለቀቀ ፈረስ ከቀንና ሌሊቱ አብዛኛውን ሰዓት ሲግጥ የሚውለውና የሚያድረው።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሠራተኛ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 2.5 የሚደርስ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ይኸውም በአየር የደረቀ ሣር ሲሆን 6 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ አኝኮ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅበት ለቀለቡ ብቻ ቢያንስ አራት ሰዓት ያስፈልገዋል። መኖው ጠንካራ የማሽላ አገዳ ሲሆን ጊዜው ይረዝማል፤ ጥርሱ ያረጀ ወይም የሾለ እንስሳ ከሆነም የበለጠ ይረዝማል። ከንጋት እስከ ምሽት ጋሪ ላይ የሚውል ፈረስ ይህን ሰዓት ከየት ያገኛል? ከሌሊቱ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ ለጊዜው ተይዞ ይቆይ፤ ከበሽታው ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው።

አህያ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አላት። ከክብደቷ አንጻር ከፈረስ ያነሰ ትበላለች፣ ሻካራ መኖን በተሻለ ሁኔታ ታብላላለች፣ የውኃ ጥምንም ትችላለች። የመተማ ነዋሪ አህያን መምረጡ ከድህነት የመጣ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ በተሞክሮ የተፈተነ ምርጫ ነው።

የአገዳና የፋጉሎ ሒሳብ

ከኅዳር ጀምሮ በቆላው በብዛት የሚገኘው መኖ የማሽላ አገዳ ነው። ለምለም ሣር በሚያብብበት ጊዜ ከመቶ 8 እና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ሲኖረው፣ የደረቀው የበጋ ሣርና አገዳ ከመቶ 3 እስከ 5 ወደሚሆን ይወርዳሉ። ከላይ የተጠቀሰው ፈረስ ክብደቱን ጠብቆ ለመኖር ብቻ በቀን 315 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋል። ስድስት ኪሎ አገዳ ከመቶ 4 ፕሮቲን ቢኖረው የሚሰጠው 240 ግራም ነው፤ ከዚያውም ብዙው ሳይፈጭ ያልፋል። ፈረሱ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል ማለት ነው። የተነፋ ሆድና የወጣ የጎድን አጥንት በአንድ እንስሳ ላይ መታየታቸው በየካቲትና በመጋቢት የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ «ትል ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ጉድለቱን የሚሞላው ነገር ግን እዚያው አገር አለ። ሰሊጥ በሚጨመቅበት አካባቢ የሰሊጥ ፋጉሎ ይገኛል። ፋጉሎው ከመቶ 40 ገደማ ፕሮቲን ቢኖረው ግማሽ ኪሎው 200 ግራም ይጨምራል፤ ከላይ የታየውንም ጉድለት አልፎ ይሄዳል። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በባህላዊ መንገድ የተጨመቀ ፋጉሎ ብዙ ዘይት ስለሚቀርበት በሙቀት ቶሎ ይሻግታል፤ እርጥበት ከነካውም አፍላቶክሲን የሚያመነጭ ሻጋታ ይይዘዋል። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃውን ብቻ መግዛት ይመረጣል። በተጨማሪም ከነገለፈቱ የተጨመቀ ሰሊጥ ካልሲየሙ ከኦክሳሌት ጋር ስለተያያዘ ለእንስሳው እምብዛም አይደርሰውም። ብዙ የቆላ ሣሮችም ኦክሳሌት አላቸው። በዚያ ላይ ፎስፈረስ የበዛበት ፉርሽካ ሲጨመር ፈረሱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ መሳብ ይጀምራል፤ ውሎ አድሮም የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ያነክሳል። በየቀኑ የሚሰጥ ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይህን ይከላከላል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ከሰሊጡ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ለውርንጭላ ባይሰጥ ይመረጣል።

የማሽላ እህል ጉልበት ሰጪ ቢሆንም መጠኑ መወሰን አለበት። ፍሬው ትንሽና ጠንካራ በመሆኑ ሳይከካ ከተሰጠ ከፋንድያ ጋር ይወጣል። ተከክቶ በብዛት ከተሰጠ ደግሞ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው ያልቻለው ስታርች ትልቁ አንጀት ደርሶ በፍጥነት ይብላላል፤ ውጤቱ የሆድ ቁርጠትና የሰኮና ብግነት ነው። ለ250 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ባይበልጥ፣ ከድርቆሽ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ ባይሰጥ ይመከራል። ከአጨዳ በኋላ ከማሽላው ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ሌላው አደጋ ነው። በድርቅ የተመታ ለጋ ማሽላ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። የቀንድ ከብትን በድንገት ይገድላል፤ በማሽላና በሱዳን ሣር ላይ ለሳምንታት በተለቀቁ ፈረሶች ላይ ደግሞ የኋላ እግር መልፈስፈስና የሽንት ፊኛ ብግነት እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ተመዝግቧል።

ድርቆሹና ሰሊጡ

አገዳን በፋጉሎ ማሻሻል ይቻላል፤ የተሻለው መፍትሔ ግን ሣሩን በጊዜው አጭዶ ማቆየት ነው። የቆላው ሣር አስቀድሞ ካልታጨደ ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ ይጠነክራል፣ በኋላም ከኅዳር ጀምሮ እሳት ይበላዋል። ሣር በየዓመቱ በገፍ በሚቃጠልበት አገር ፈረስ በረኃብ የሚከሳው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ሣሩ ጥሩ ድርቆሽ የሚሆንበት ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ገበሬው በሐምሌና በነሐሴ ሰሊጡን ያርማል፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ያጭዳል። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሚገኝ እጅ ሁሉ ወደ ሰሊጡ ይሄዳል፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ዋጋም ይንራል። ድርቆሽ ከሰሊጥ ጋር ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም።

ሆኖም በዚህ ጉዳይ የቀንድ ከብትና የጋማ ከብት ሒሳብ ይለያያል። አንድ ሠራተኛ ፈረስ ከኅዳር እስከ ግንቦት ላሉት 210 ቀናት በቀን 6 ኪሎ ቢበላ የሚያስፈልገው 12 ኩንታል ተኩል ገደማ ድርቆሽ ነው። አሥር ከብት ያለው ሰው ለመንጋው ይህን ያህል ሣር ማከማቸት አይችልም፤ አንድ ፈረስ ወይም ሁለት አህያ ያለው ሰው ግን በእርሚያውና በአጨዳው መካከል ባለችው የጳጉሜን ሰሞን ክፍተት ይችላል። ስለ ቆላ መኖ ልማት የሚሰጠው ምክር ሁሉ በመንጋ ደረጃ የታሰበ መሆኑ ይህን ቀላል ዕድል ሳይጋርደው አልቀረም። የሚቀረው አስቸጋሪ ነገር ዝናቡ ነው። ታጭዶ ዝናብ የመታው ሣር ንጥረ ነገሩ ይታጠባል፣ ይሻግታል፤ የሻገተ ድርቆሽ ደግሞ ለፈረስ ሳንባ ጠንቅ ነው። በትንሽ በትንሹ አጭዶ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ማድረቅ ለአንድ ፈረስ በሚበቃ መጠን አድካሚ አይደለም።

ውኃና ጨው በአጭሩ ይጠቀሱ። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ይኸውም እስከ ሁለት ጀሪካን ነው። በበጋ ውኃ በሚገዛባቸው ቀበሌዎች ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ይሁን እንጂ ደረቅ አገዳ በልቶ ውኃ ያጣ ፈረስ አንጀቱ ይደርቅና ይዘጋል፤ ይህ ዓይነቱ የሆድ ቁርጠት ከተከሰተ በኋላ ሐኪም በቅርብ በማይገኝበት ቦታ የሚደረግለት ነገር ጥቂት ነው። ፈረስ በላቡ ከፍተኛ ጨው ስለሚያጣ የአሞሌ ቁራሽ ከጋጣው ባይጠፋ ጥሩ ነው።

ሌሊቱ የማን ነው?

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ቫይረስ ዘጠኝ ዓይነቶች አሉት። በሽታው በሳንባ ላይ ሲጸና የያዘውን ፈረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል፤ ከታመሙት ከመቶ 90 በላይ የሚሞቱበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ትኩሳት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥና በመጨረሻ ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ነው። አህያ አብዛኛውን ጊዜ ሳትታመም ቫይረሱን በደሟ ትይዛለች። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያመርታል፤ በኢትዮጵያ ጎልቶ የታየውም 9ኛው ዓይነት ነው። ሌሎች ዓይነቶችም በሀገሪቱ ተለይተው ስለሚያውቁና የአንዱ ዓይነት ክትባት ከሌላው ሙሉ በሙሉ ስለማይከላከል፣ የተከተበ ፈረስም ከትንኝ መጠበቅ አለበት።

ኩሊኮይድስ ትንኞች የሚናከሱት በዋናነት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ንጋት ነው። ቋጠሮው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን በጋሪ የዋለ ፈረስ የሚበላበት ሰዓት ሌሊቱ ብቻ መሆኑ ከላይ ታይቷል። በክረምትና በመጸው ሣሩ ለምለም ስለሆነ፣ ሌሊቱም ስለሚቀዘቅዝ፣ ባለቤቱ ፈረሱን ሲመሽ ፈትቶ ወደ ረጠበው መስክ ይሰደዋል። በመኖ በኩል ከታየ ድርጊቱ ምክንያታዊ ነው፤ በበሽታው በኩል ከታየ ግን ፈረሱን በትንኙ ሰዓት ወደ ትንኙ መራቢያ መውሰድ ነው። «ሌሊት በጋጣ ይደር» የሚለው የጤና ባለሙያ ምክር ብቻውን የማይተገበረውም ለዚህ ነው፤ በጋጣ ያደረ ፈረስ የሚበላው ነገር ከሌለ ሳይበላ አድሮ ለሥራ ይወጣል። ምክሩ ሥራ ላይ የሚውለው በጋጣው ውስጥ 6 ኪሎ ደረቅ ሣር ወይም በቀን ታጭዶ የመጣ ብዙ እርጥብ ሣር ሲኖር ነው። በዚህ አገር ማጭድ ከበሽታ መከላከያ መሣሪያዎች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጋጣው ራሱ ውድ መሆን የለበትም። ከጭቃና ከፍግ ክምር የራቀ ደልዳላ ቦታ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ የታጠረ ግድግዳ፣ በር ላይ የሚንጠለጠል ደቃቅ መረብ ይበቃዋል። የኩበት ጭስ ነፍሳትን ቢያርቅም በዝግ ቤት ውስጥ ሲታፈን የፈረሱን ሳንባ ይጎዳል። አህዮች ከፈረሱ ጋር በአንድ ጋጣ ባያድሩ ይሻላል።

የቀን ዝንቦች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በዚህ ቆላ ደም መጣጭ ትላልቅ ዝንቦች ገንዲን ከእንስሳ ወደ እንስሳ በአፋቸው ያመላልሳሉ፤ ለዚህ ቆላ ዝንብ መኖር አያስፈልግም። በክረምት ከአጎራባች ደጋማ ወረዳዎች የሚወርደው ከብትና በጠረፉ የሚያልፈው ግመል አንድ ውኃ ላይ መገናኘታቸው ዝውውሩን ያግዘዋል። ገንዲ የያዘው ፈረስ በዝግታ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ከሆዱ ሥር ያብጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የከሳ ፈረስ ሲታይ ረኃብ ይሁን ገንዲ ለመለየት የመጀመሪያው ነገር ድዱን ገልጦ ማየት ነው። የተራበ ፈረስ ድድ ለረጅም ጊዜ ሐምራዊ መልኩን ይይዛል፤ ገንዲ የያዘው ግን ቀድሞ ይገረጣል። ማረጋገጫው የደም ምርመራ ነው። ሳይመረመሩ ለቀንድ ከብት የተዘጋጀውን ዲሚናዚን በግምት መውጋት አደገኛ ነው፤ የጋማ ከብት መድኃኒቱን የመቋቋም አቅሙ ከከብት ያነሰ ነውና። ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ መኖም ሞኔንሲን ካለበት ፈረስን በጥቂት መጠን ይገድላል።

በሰሊጥ ሽያጭ ገንዘብ ከደጋ ፈረስ የሚገዛ ሰው የሚገዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ፈረሱ በዚያ ጊዜ ትንኝ በቀነሰበት፣ መንገዱ በደረቀበት ወቅት ስለሚገባ ለጥቂት ወራት ጤነኛ ይመስላል። ፈተናው የመጀመሪያው ክረምት ነው። ክትባቱ ኃይል የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ከግንቦት ማለፍ የለበትም። የዚያ በጋ ድርቆሹ ግን መታጨድ የነበረበት ፈረሱ ከመገዛቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው።